የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ገብሳችን፣ ቆዳችንና የአውሮፓ ባዮቴክኖሎጂ

(በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪዬን በቅርቡ አግኝቼ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከእኅቴ ጋር እኖራለሁ። አብረውኝ የተመረቁት ለአውሮፓ የባዮቴክኖሎጂ ተቋማት ሲያመለክቱ አያለሁ፤ እኔ ግን የትኛው የምርምር ተቋም፣ የትኛው ኩባንያ እንደሆነ እንኳ ይምታታብኛል። ኩታበር ገጠር ያሉት አባቴ ደግሞ «ይህ ሁሉ ለገብሳችን ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠይቀውኝ የምመልስላቸው አጣሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከአባትዎ ጥያቄ እንጀምር፤ ክብደት ያለው እርሱ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ሀገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ማሳዎች የገብስ ዘር ሰብስበው ወደ ሀገራቸው ወሰዱ። ከእነዚያ ዘሮች ጥቂቶቹ አንድ ልዩ ጠባይ ነበራቸው፤ የአውሮፓን ገብስ የሚያጠቃውና ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎ የሚሸፍነው የሻጋታ በሽታ አይዛቸውም ነበር። የአውሮፓ ዝርያ አሻሻዮች ይህን ጠባይ ከራሳቸው ገብስ ጋር አዳቅለው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበሬዎቻቸው አቀረቡ። ሻጋታው ብዙዎቹን ሌሎች የመከላከያ ጂኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያሸንፍ፣ ከኢትዮጵያ የሄደው ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ ለአባትዎ የሚመልሱት የመጀመሪያው ነገር፣ የአውሮፓ ምርምር ለገብሳችን ከማድረጉ በፊት የኢትዮጵያ ገበሬ ገብስ ለአውሮፓ ትልቅ ነገር ማድረጉ ነው።

ምክንያቱ በግልጽ የታወቀው በ1997 ነው። በእንግሊዝ ኖሪች ከተማ የሚገኘው የሴንስበሪ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ከሚገኘው ኪጂን ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆነው ኤምኤልኦ የሚባለውን ጂን ለይተው አወጡት። ይህ ጂን በተለመደው ገብስ ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ሻጋታው ወደ ቅጠሉ ሴል ለመግባት የሚጠቀምበት በር ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ ጂኑ እንደ ወትሮው እንዳይሠራ የሚያደርግ ተፈጥሯዊ ለውጥ ስላለ፣ በሩ ተዘግቶ ሻጋታው ከውጭ ይቀራል። ይህ ጥበቃ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ በቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሊያወጣና ምርቱን በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ዝርያ አሻሻዮች ይህን ጉዳት ለማቅለል ብዙ ደክመዋል።

የተቋምና የኩባንያ ልዩነትም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይታያል። የሴንስበሪ ላቦራቶሪ ለትርፍ ያልቆመ፣ በበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚደገፍ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ በ1910 ከተመሠረተው የጆን ኢንስ ማዕከል ጋር በአንድ ግቢ ይገኛል። ኪጂን ግን የዘር ኩባንያዎች ንብረት ነው። ተቋሙ ውጤቱን አሳትሞ ለሁሉም ያሳውቃል፤ ኩባንያው ወጪውን የሚመልስለትን ምርት ወይም የፈጠራ መብት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉም። በቤልጅግ ጌንት ከተማ ማርክ ቫን ሞንታጉና ጄፍ ሼል የሚባሉ ሳይንቲስቶች፣ አንድ የአፈር ባክቴሪያ የራሱን ጂን ወደ ተክል እንደሚያሻግር አጥንተው፣ ያንኑ መንገድ ተክሎችን ለማሻሻል ማዋል እንደሚቻል ካሳዩት መካከል ነበሩ፤ በ1982ም በዚህ እውቀት ላይ የቆመ ኩባንያ ተመሠረተ። ቢዮንቴክ የተባለው የጀርመን ኩባንያም እንዲሁ ነው። ኡጉር ሻሂንና ኦዝሌም ቱሬቺ የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ከክሪስቶፍ ሁበር ጋር በጀርመን ማይንዝ ከተማ በ2008 ሲያቋቁሙት ዓላማቸው የካንሰር ሕክምና ነበር፤ በ2020 የኮቪድ ክትባት ለማውጣት የቻሉት ግን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ለሴል መመሪያ የሚያደርስ ሞለኪውል) ላይ ለዓመታት የተሠራ ሥራ በእጃቸው ስለነበረ ነው። ይህን ሥራ ካስቻሉት አንዷ የሀንጋሪዋ ተወላጅ ካታሊን ካሪኮ ብዙ ዓመት ገንዘብ የሚሰጣት አጥታ ከቆየች በኋላ በ2013 ወደ ቢዮንቴክ ገብታለች፤ በ2023 ከድሩ ዋይስማን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝታለች።

ከሁሉም ይልቅ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን የአውሮፓ ሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ይመስለኛል። በ1974 በመንግሥታት ስምምነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ሃይደልበርግ ነው፤ በሃምቡርግ፣ በፈረንሳይ ግረኖብል፣ በሮም አጠገብ፣ በባርሴሎናና በእንግሊዝ ሂንክስተንም ቅርንጫፎች አሉት። የዶክትሬት ተማሪዎችን የአባል አገሮች ዜጎች ካልሆኑም ይቀበላል። የሂንክስተኑ ቅርንጫፍ የዓለምን የጂንና የፕሮቲን መረጃ ሰብስቦ በነፃ ለማንም ያቀርባል፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች የተተነበየ ቅርጽ ዲፕማይንድ ከተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ጋር በመተባበር አስቀምጧል፤ መረጃውን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል የሚያስተምሩ ነፃ ትምህርቶችም አሉት። ደሴ ተቀምጠው፣ ኔትወርክ በሚሻልበት ሰዓት፣ የኤምኤልኦን ጂን ፈልገው ከስንዴው ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። ለማመልከት ሲነሱ ከምስክር ወረቀት ሌላ የሚያሳዩት ሥራ ይኖርዎታል። ባልደረቦችዎ ለብዙ ተቋማት አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልኩ ከሆነ፣ እርስዎ የሦስት ተመራማሪዎችን ጽሑፍ በደንብ አንብበው ስለዚያ ሥራ ቢጽፉ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። አባትዎ በበልግ የሚዘሩትን ጥቁር ገብስ ወይም ሰነፍ ቆሎ፣ ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው ብለው በፖስታ ወይም በሻንጣ ወደ ውጭ አይላኩ። የዘር ሀብትን ማግኘትና ጥቅሙን መጋራት በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 482 የተደነገገ ስለሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዘር ሀብትን ጥቅም ስለ መጋራት የተደረገው ዓለም አቀፉ የናጎያ ስምምነትም ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የጤፍን ነገር ያስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ለብዙ ዓመታት እጃችን ታስሮ ቆየ፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራነት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያም ጉዳይ ነው። በትክክለኛው መንገድ ግን የሚሠራ መተባበር አለ፤ የሀገራችን የዘር ባንክ ራሱ በ1976 የተቋቋመው በጀርመን ድጋፍ ነው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ እሠራለሁ። ቆዳው ከኖራ ከወጣ በኋላ ለማለስለስ የምንጨምረው ዱቄት ኢንዛይም ነው ይላሉ። ይህም ባዮቴክኖሎጂ ይባላል? ጉዳትስ አለው?

መልስ፦ አዎን፤ ከጥንታዊዎቹ የኢንዱስትሪ ባዮቴክኖሎጂ ሥራዎች አንዱ እርሱ ነው። ከመቶ ዓመታት በፊት አውሮፓውያን ቆዳ ለፊዎች ለዚሁ ሥራ የውሻ ኩስ ይጠቀሙ ነበር። ኦቶ ሮም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ በኩሱ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ምግብን የሚፈጩ ኢንዛይሞች መሆናቸውን ተረድቶ፣ ከእንስሳት ጣፊያ አጠገብ ከሚገኘው ቆሽት ኢንዛይም አውጥቶ በ1907 ከኦቶ ሃስ ጋር ድርጅት አቋቋመ። ኢንዛይሙ በኖራ ባበጠው ቆዳ ውስጥ የቀረውን ትርፍ ፕሮቲን ስለሚፈታ ቆዳው ይለሰልሳል። በከተማዎ ቢራ ፋብሪካ ያለው እርሾም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በ1875 በኮፐንሀገን የተቋቋመው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ባልደረባ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን፣ በ1883 ከአንድ ሴል ብቻ ንጹሕ እርሾ ማራባት ችሎ፣ ድርጅቱ እርሾውን ለሌሎች ጠማቂዎችም ሰጥቷል።

ጉዳቱን በተመለከተ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ በውሃ ከተሟሟ በኋላ ያን ያህል አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በሚመዘንበትና ወደ በርሜሉ በሚጨመርበት ጊዜ የሚነሣው አቧራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች በኢንዛይም አቧራ ምክንያት አስም ይዟቸው ስለነበር፣ አምራቾች ዱቄቱን በሽፋን የተያዙ ጥቃቅን ፍሬዎች አድርገው ማቅረብ ጀመሩ። ስለዚህ ፋብሪካዎ የሚገዛው በፍሬ መልክ ወይም በፈሳሽ የተዘጋጀውን እንዲሆን ለኃላፊዎ ያሳስቡ፤ እስከዚያው ዱቄቱን ሲመዝኑ አቧራ የሚከላከል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ የፈሰሰውንም በመጥረጊያ አቡንነው ሳይሆን በውሃ አርጥበው ያንሡት። በሥራ ቀናት ማታ ማታ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የሚሰማዎት፣ በዕረፍት ቀናት ደግሞ የሚተውዎት ከሆነ፣ ምን ዓይነት ዱቄት እንደሚይዙ ለሐኪም ይንገሩ።