መልስ፦ መጀመሪያ የካርዱን ኮፒ ያዝ

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ኮትሪሞክሳዞል (ሰልፋ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ውጠው ቆዳቸው ተላጠ፣ እዚህ ጎንደር ማንን ልክሰስ ነው ጥያቄህ።

መድኃኒት ጎዳ ማለት ሐኪም አጠፋ ማለት አይደለም። ሰልፋ ያለው መድኃኒት አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። አንተ ግን መሀል ላይ ጣል ያደረግካት ነገር ጉዳዩን ትለውጠዋለች፦ የሕክምና ካርዳቸው ላይ «ሰልፋ አይስማማቸውም» ተብሎ ተጽፏል ብለሃል። እሱን ሳያዩ ካዘዙ ጥፋት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሙያውን ደንብ ያልጠበቀ ባለሙያ ይጠየቃል ይላል። መድኃኒቱ ራሱ ችግር ካለበት ቁጥር 2085 አምራቹ ጋ ይወስድሃል፤ እሱ ግን ረጅም መንገድ ነው።

ዛሬውኑ የካርዱን ኮፒ ጠይቅ። የተረፉትን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው አስቀምጥ፤ የባች ቁጥሩ (መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው) እዚያ ላይ ነው። የኔ አክስት ማሸጊያውን ከሰል ማቀጣጠያ አድርጋ ቡና አፈላችበት። ማስረጃችን በዚያው ጨሰ!

ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነጻ ስልክ 8482 አሳውቅ። የጤና ባለሙያ የሚሞላው የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቢጫ ቅጽ አለ። ካሳ አያስገኝም፣ ግን በጽሑፍ ይቀመጥልሃል።

ካሳ የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለብህ። ሽማግሌ ከላኩብህ አትግፋ፣ ግን «ዛሬ ነገ» እያሉ ጊዜውን እንዳይበሉብህ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ካርዱን ይዘህ ብቅ በል።