ሬዚደንት በሌለበት ሆስፒታል ኬዝ ለማን ይቀርባል?

"ቅርንጫፍ ካምፓስ ሲ-ዋን (የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት) ደርሶኝ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ ያለ ሐኪም) የለም፣ ስፔሻሊስቱም ለራውንድ (ታካሚዎችን ዞሮ ለማየት) ብቅ ብሎ ይሄዳል፣ ኬዝ (የመረመርኩትን ታካሚ ታሪክና ግኝት) ለማን ላቅርብ?" ላልከው፦ ለተረኛው ጠቅላላ ሐኪም። ከሰዓት ዋርዱ ጋብ ሲል ጠብቀው።

ቻርቱን (የታካሚውን የሕክምና መዝገብ) ቀድመህ አትክፈት። ራስህ ጠይቅ፣ መርምር፣ ግምትህን ጻፍ፣ ከዚያ አመሳክር። አንተ ያጣኸው ጉበት ቻርቱ ላይ "ከጎድን አጥንት በታች 4 ሳ.ሜ." ከተባለ ታካሚውን አስፈቅደህ እንደገና ዳስስ፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ጋ ነው።

ከማታ ተረኝነትም አትቅር። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከኋላ ሆነህ አንገትህን ታሰግጋለህ፣ እዚህ ግን አዋላጇ ጓንት አስለብሳ አጠገቧ ታቆምሃለች።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሎግቡክህን (የሠራኸውን የምትመዘግብበትን ደብተር) በዕለቱ አስፈርም። ጠቅላላ ሐኪሞች ቶሎ ይቀያየራሉ፣ የእኛ ባች ልጆች አታችመንቱ (የሆስፒታል ልምምዱ) ሲያልቅ ፈራሚ ፍለጋ ስልክ ሲደውሉ ነው የከረሙት።