ላንድክሩዘሯ አስፋልት ላይ ትዋልላለች፣ ከፍ ላስደርጋት ወይ ላልከው

ሰላም ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ማታ ነው ያየሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ በፈረንጅ 90ዎቹ የተሰራች ባለ ባሌስትራ (ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው ዝርግ ብረት) ላንድክሩዘር አግኝተህ ስትሞክራት ከ70 በላይ መሪዋ ይዋልላል፣ ጉድጓድ ስትነካ ትዘላለች፣ "ከፍ አስደርጌ ሰፊ ጎማ ላስገባላት ወይስ ልተዋት" ነው ያልከው። እኔ እንደሷ ያለች 75 የሚሏት ሞዴል፣ ያችው ቱርቦ የሌላት ባለ 4.2 ናፍጣ፣ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ስምንት አመት ነድቻለሁ፣ ቋሪትም ቢቸናም አዲስ አበባም የምሄደው በሷው ነው፣ ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ። ከፍ እንዳታስደርጋት። ባሌስትራ ያላት መኪና እንደ ቤት መኪና አትለሰልስም፣ እሱን ተቀበለው፣ መዋለል ግን ተፈጥሮዋ አይደለም፣ የሆነ ያለቀ ነገር አላት ማለት ነው፣ እሱ ሳይቀየር የምትጨምርላት ነገር ሁሉ በሽታውን ነው የሚደብቅብህ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እንደገዛኋት አንድ ጋራዥ ብወስዳት "ኋላዋ ወርዷል፣ ባሌስትራ እንጨምርላት" አሉኝ፣ እሺ ብዬ በየጎኑ ሁለት ሁለት አስጨመርኩ። ስምንት ኩንታል ስትጭን ጥሩ ነበረች፣ ባዶዋን ስትሆን ግን ደነደነች። አንድ ቀን ከቋሪት ስመለስ ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ናቸው፣ ጠጠሩ ላይ ኩርባ ስይዝ ኋላዋ እየነጠረ ሄዶ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመች። ያን ቀን የደነገጥኩት እስካሁን አልወጣልኝም። ከዛ በኋላ ነው አንድ የድሮ መካኒክ ከስር ገብቶ የባሌስትራው ጆሮ ጋ ብረት ሰዶ ነቅነቅ ሲያደርገው አክስሉ የጣት ውፍረት ያህል ተንሸራተተ፣ ጆሮው ውስጥ ያለውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ ሲያወጣው ተፈርፍሮ እጁ ላይ እንደ ተፈጨ ቡና ተራገፈ። አንተ መሪ ይዘሃል፣ መኪናዋ ግን የምትሄደው አክስሉ ወደዞረበት ነው። ጎሚኒውን ከነቡሎኑ ቀየርን፣ የጨመርኩትን ባሌስትራ አወጣን፣ በባሌስትራዎቹ መሃል ያለውን ዝገት ፍቆ ግሪስ ቀባልኝ፣ አራት አዲስ አሞርዛተር (ንጥረቷን የሚያበርደው) አስገባን፣ ሌላ መኪና ሆነች።

ስለዚህ ሳትከፍል በፊት ክሪክ ይዘህ ሂድ። የፊት ጎማዋን አንሳና አንድ እጅህን ከላይ አንዱን ከታች አድርገህ ግፋ ሳብ አድርገው፣ ጨዋታ ካለው ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ፍሬን ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ጎማውን የሚያዞረው መታጠፊያ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ስራው ይበዛል ስለዚህ ዋጋ ላይ ተከራከርበት። እዛው ጎማው ጀርባ ያለውን ትልቁን የብረት ኳስ ተመልከተው፣ ዘይትና ግሪስ ተደባልቆ ከወረደበት ዘይቱን የሚያግደው ጎማ (ሲል የሚሉት) አልቋል። ቀጥሎ ሞተር ጠፍቶ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ ከስር ሆነህ ታይሮዶቹን፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ዘንጎች፣ ጨዋታ እንዳላቸው እያቸው። አንዳንዱ መካኒክ የመሪ ቤቱን ቪቴ አጥብቆ "ተስተካክሏል" ይልሃል፣ ሲጠብቅ መሪው ከኩርባ በኋላ ራሱ አይመለስም፣ እንዳትሸወድ። አሞርዛተሩን ደግሞ ኮረኮንች ላይ ከነዳሃት በኋላ በእጅህ ንካው፣ የሚሰራ ሞቅ ይላል፣ የሞተው ቀዝቃዛ ነው።

ጎማ ላይ ሰው ይዘናጋል። ጎኑ ላይ የተጻፉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንትና አመት ናቸው፣ 1217 ካለ በፈረንጅ 2017 12ኛው ሳምንት ማለት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ ደርቋል። አራቱም ራዲያል (የሽቦ የሚባለው) ይሁኑ፣ ሁለቱ ራዲያል ሁለቱ የክር ከሆኑ ምንም ብታደርግ አትረጋም። ሰፊ ጎማ ያልከውን ተወው፣ መሪና ኩሽኔታ ላይ ሸክም ነው፣ በክረምት መረሬው ላይ ደግሞ ጥርሱ አንዴ በጭቃ ከተሞላ እንደ ሳሙና ነው። በራሷ ልክ 7.50 በ16 በቂ ነው፣ ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።

ጣሪያዋ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ላይ ኩንታል አትጫን በናትህ። ከላይ የተጫነ ነገር ኩርባ ላይ ይገለብጣታል፣ ከፍ እንዳታስደርጋት የምልህም ለዚሁ ነው፣ በዛ ላይ ኋላ ፍሬኗ ላይ ጭነት እያየ ግፊት የሚመጥን ነገር አላት፣ ቦዲዋ ከፍ ሲል ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል። ያ ደግሞ አባይ በረሃ ላይ ነው የሚታወቅህ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ አስፋልቱም መሬቱ እየተንሸራተተ ብዙ ቦታ ተጨማድዷል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን አስቀይር፣ የፍሬን ሸራውን አሳይ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ። "እንድትይዝልኝ" ብሎ ደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን (አራቱም ጎማ እንዲጎትት) የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፣ እሷ መሃል ላይ ዲፈረንሻል የላትም፣ ኩርባ ላይ የፊቱና የኋላው ይጣላሉ፣ መሪው ይደነድናል። የፊቱ ለጭቃ ነው።

ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት እንዳትረሳ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ተወዷልና ቸኩለህ እንዳትገባበት። ሻጩ ክሪክ አታስገባም ካለህ ጥለህ ሂድ። ከፈለግክ ደግሞ ቅዳሜ ማርቆስ እመጣለሁ፣ ሰዓቱን ንገረኝና አብረን ከስር ገብተን እናያታለን።