ሞቅ ላለ ድምፅ የትኛው አምፕሊፋየር ይሻላል?

ከማራንዝና ከያማሃ የቱን ልግዛ ላልከው፣ የምትፈልገው ሞቅ ያለ፣ ማለትም ጆሮ የማይወጋ ለስለስ ያለ ድምፅ ከሆነ ማራንዝ ፒኤም 6007ን ውሰድ። ያማሃም ጥሩ ነው፤ ለኔ ጆሮ ግን ማራንዝ ለስለስ ይላል። በ8 ኦም ስፒከር ለእያንዳንዱ ቻናል 45 ዋት ይሰጣል፤ ለሳሎን ይበቃል። የዋት ብዛት ድምፁን አያሞቀውም።

ከመክፈልህ በፊት ከራስህ ስፒከር ጋር አገናኝተህ አንድ የምታውቀውን የሳክስፎን ዜማ ስማ። አሁንም ጆሮህን ከወጋህ ጣጣው ከስፒከሩ ወይም ከክፍሉ ነው። ወለልህ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፍበት፤ ለውጡን ወዲያው ትሰማዋለህ።

አንድ አደራ፦ እቃው ከአሜሪካ የሚመጣልህ ከሆነ ጀርባውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በኛ 220 ላይ በቀጥታ እንዳትሰካው። ተራ የሶኬት መቀየሪያ ቮልቴጅ አይቀንስም፤ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ደህና እቃ አይቻለሁ።