ቴሌግራም እየሠራ ብራውዘር እምቢ ሲል

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ላፕቶፔ ዋይፋዩን ይይዛል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው። ቴሌግራም ይልካል፣ ይቀበላል። ብራውዘር ስከፍት ግን አንድም ገጽ አይመጣም። ክሮምም ፋየርፎክስም ያው ናቸው። ክሮም ላይ ‹ዲኤንኤስ ፕሮብ ፊኒሽድ› የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ያለችግር ይሠራል። ቀደም ሲል ይንቀራፈፍብኝ ስለነበር ለጠጋኝ ሰጥቼው ክሮምን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አንቴና ጨመረበት፣ የኢንተርኔት ማፍጠኛ የሚባል ፕሮግራምም አስገባበት። ደህና ሆኖ ቆይቶ ራውተር የቀየርኩ ዕለት ቆመ።»

መልሱን ያገኘሁት «ቴሌግራም ይሠራል» ካሉት ላይ ነው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን የቁጥር አድራሻ አፑ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ብራውዘር ግን እርስዎ የጻፉለትን ስም ይዞ ቁጥሩን መጠየቅ አለበት። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ስልክዎ መሥራቱ ደግሞ ራውተሩን ነፃ ያወጣዋል። የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ጠጋኙ ላፕቶፑ ላይ የድሮውን ራውተር ቁጥር የዲኤንኤስ አድራሻ አድርጎ በእጁ ሞልቶታል። ያ ራውተር አሁን ስለሌለ ላፕቶፑ የሚጠይቀው አጥቷል።

ምንም ሳይነኩ በፊት ያረጋግጡ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይክፈቱ (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭነው cmd ይጻፉ)። ፒንግ (ping) ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው 8.8.8.8 ይጻፉ፤ የጉግል ሰርቨር ቁጥር ነው። መልስ መምጣት አለበት። ቀጥሎ በቁጥሩ ቦታ የሚያውቁትን የአንድ ድረ ገጽ ስም ያስገቡ። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ «አላገኘሁትም» ካለ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ቁጥሩም እምቢ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከታች ያለውን አይሞክሩ።

አንድ ነገር አደራ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ላፕቶፕ የባንክም የኢሜይልም የይለፍ ቃል አይጻፉ። ብራውዘሩ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ «ለማንኛውም ቀጥል» የምትለዋን አይንኩ፤ ገጹን ይዝጉት።

ለምን እንደምጨነቅ ለመረዳት ዲኤንኤስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ገና አርፓኔት በሚባልበት ዘመን የኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር አንድ ፋይል ላይ ነበር የሚጻፈው። ፋይሉን የሚይዘው አሜሪካ ያለው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ እዚያ ያሳውቃሉ፣ ሠራተኞቹ በእጅ ይጨምሩታል፣ የቀረው ሰው ደግሞ ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ፋይሉ ተቀድቶ ሳያልቅ ያረጅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ሌላ መንገድ ነደፈ። ሁሉን የሚያውቅ አንድ ቦታ አይኖርም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ብቻ ይይዛል። ዛሬ አንድ ስም ሲጽፉ ኮምፒውተርዎ ጥያቄውን ለአንድ ጠያቂ ሰርቨር ይልካል። ጠያቂው መጀመሪያ ሥር ወደሚባሉት ሰርቨሮች ይሄዳል። እነሱ ቁጥሩን አያውቁም፤ «ዶት ኮም ከሆነ እነ እገሌን ጠይቅ» ይሉታል። እነዚያም የስሙን ባለቤት ሰርቨር ይጠቁሙታል። ቁጥሩን የሚሰጠው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል፤ መልሱም በየደረጃው ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጣል። የሚገርመው ያ ጥንታዊ ፋይል አልሞተም። ሆስትስ በሚል ስም ዛሬም እያንዳንዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜም ከዲኤንኤስ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተርዎ የመጀመሪያውን ጠያቂ አምኖ ይቀበላል። የዚያን ጠያቂ ቁጥር ላፕቶፕዎ ላይ የሞላ ሰው የባንክዎን ስም ሲጽፉ የት እንደሚሄዱ ይወስናል። ዲኤንኤስ ቼንጀር የተባለው ቫይረስ ያደረገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቫይረሱን ያሰራጩት ሰዎች ሲያዙ 4 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮች ተጠቅተው ነበር። የሌቦቹ ሰርቨሮች በንጹሕ ተተክተው እስከ ጁላይ 9 ቀን 2012 ቆዩ። ሲዘጉ፣ ቁጥሩን ያላስተካከለ ሰው ልክ እንደ እርስዎ ገጽ መክፈት አቃተው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ያንን የዩኤስቢ አንቴና ይንቀሉት። ምልክቱ ሙሉ የሆነ ላፕቶፕ ላይ አንቴና መጨመር ምን ይሉታል? እነዚህ ስም የለሽ ርካሽ አንቴናዎች ይግላሉ፣ መስመር ይቆርጣሉ፣ ድራይቨራቸውም (የሚያሠራቸው ፕሮግራም) ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ክሮምን እንደገና መጫኑም ፋይዳ አልነበረውም፤ መንቀራፈፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው መስመሩ ነው።

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ይጫኑ። «ኤንሲፒኤ ዶት ሲፒኤል» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ (ncpa.cpl)። የኔትወርክ ካርዶቹ ይመጣሉ። ዋይፋዩን በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4» የሚለውን መርጠው እንደገና ፕሮፐርቲስ። ታችኛው ግማሽ ላይ ዲኤንኤስ በእጅ ተሞልቶ ያገኙታል ብዬ እጠብቃለሁ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ የቤት ውስጥ ቁጥር ነው፤ የድሮው ራውተር መሆኑ ነው። በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ከዚያ «ኦብቴይን ዲኤንኤስ ሰርቨር አድረስ ኦቶማቲካሊ» የሚለውን መርጠው ኦኬ። ቨርዥን 6 ላይም ያንኑ ያድርጉ። አንቴናውን ወደፊት መጠቀም ካማረዎት ቁጥሩ ለየካርዱ ለብቻው ስለሚሞላ እሱንም ሰክተው ያስተካክሉት።

ጥቁሩ መስኮት ላይ አይፒኮንፊግ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ፍለሽዲኤንኤስ (ipconfig /flushdns) ብለው ኢንተር። ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱት።

ማፍጠኛ የተባለውን ፕሮግራም ደግሞ ያጥፉት። መስመርን የሚያፈጥን ፕሮግራም የለም። የሚሸጡልዎት መስመር ወይ ሰፊ ነው ወይ ጠባብ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ነገር አያሰፋውም። ላፕቶፑ እንደገና ሲነሳ ቁጥሩ ተመልሶ ከተሞላ፣ የሚሞላው ፕሮግራም አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ እሱ ነው። ካጠፉትም በኋላ ከተመለሰ ፋይልዎን አውጥተው ዊንዶውስን ከባዶ ይጫኑ።

ያገኙት ቁጥር በ192.168 ወይም በ«10.» የማይጀምር፣ ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ከታወቁት ዲኤንኤሶች ከ8.8.8.8 ወይም ከ1.1.1.1 ውጪ የሆነ እንግዳ ቁጥር ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። የይለፍ ቃሎችዎን ከስልክዎ ሆነው፣ በዋይፋዩ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ይቀይሩ። ቀጥሎ ራውተሩ ውስጥ ገብተው የእሱንም ዲኤንኤስ ይዩ። ርካሽ ራውተር ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ስሙም የይለፍ ቃሉም «አድሚን» ሆኖ ይመጣል፤ የሚገጥመው ሰውም ሳይቀይረው ይሄዳል። ይቀይሩት።

ሲጨርሱ ያንን የስም ፒንግ ይድገሙት። መልስ ከሰጠ የባንክዎን ገጽ ይክፈቱና የይለፍ ቃል ከመጻፍዎ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ አሁንም ከወጣ የላፕቶፑን ቀንና ሰዓት ይዩ፤ የተዛባ ሰዓትም ያመጣዋል። ሰዓቱ ልክ ሆኖ ከወጣ «ቀጥል» አይበሉ። ይዝጉትና ወደ ሆስትስ ፋይሉ ይሂዱ፤ የባንኩ ስም እዚያ ተጽፎ ካገኙት መስመሩን ያጥፉት፣ ማሽኑንም በቫይረስ ማጣሪያ ያስፈትሹት።