ጤና ልትሞሉ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ «እትዬ፣ ነርሲንግ ልሞላ ነው። እስከዚያ ምን ላንብብ?» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ጥያቄዋን ስሰማ አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ነርሲንግ አብረን ነው የተማርነው። የወረኢሉ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ የሚስተካከላት አልነበረም። የአጥንቶቹን ስም ስትደረድር አስተማሪው ራሱ ዝም ብሎ ያዳምጣት ነበር።

ከዚያ ዋርድ ገባን። የሻይ ማንቆርቆሪያ የተገለበጠበት ትንሽ ልጅ ተኝቷል። ፋሻው ከደረቱ ቁስል ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ሲስተሯ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ጠብ እያደረገች ቀስ በቀስ ታላቅቀዋለች። ልጁ «እማዬ፣ በቃ በያት!» እያለ ይጮኻል። ትሪውን የያዘችው ጓደኛዬ ነበረች። ትሪው ላይ ያሉት መቀሶች ሲንኳኩ ሰምቼ ቀና አልኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። ትሪውን አስቀምጣ ወጣች።

በማግሥቱ ተመልሳ ሞከረች። በሦስተኛውም ቀን። ከኛ በላይ ያሉት «አብሽሪ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው» ቢሏት ምን ነበረበት? አንዱ አስተማሪ «ሆድሽ ካልቻለ ቦታ አትያዢ» አላት። ወሩ ሳይሞላ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «ሰንፌ አይደለም እኮ» አለችኝ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አስቀድማ ቁስል አይታ ቢሆን ኖሮ ወይ ዓይኗ ይለምደው ነበር፣ ወይ ሳታፍር ሌላ ትመርጥ ነበር።

እኔስ ምንም ሳላይ ገብቼ ቆይቼ የለም ወይ? እንዲህ እል ነበር። ግን እውነት አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ልጅ ነበርኩ። ከቆቦ በኩል በእግር የመጡ ሰዎች ወልድያ እናቴ ቤት ያርፉ ነበር። አጥሚት በማንኪያ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። እናቴ «ትንሽ ትንሽ፣ ብዙ ከሰጠሻቸው ትገያቸዋለሽ» ትለኝ ነበር። ዋርዱን ያስቻለኝ ያ ይመስለኛል።

እኛ አገር ጤና ለመግባት ልምድ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው ነጥብ ነው። አሜሪካ ሕክምና ለመማር የሚያመለክት ልጅ ግን ሆስፒታል በፈቃደኝነት ያገለገለበትን፣ ሐኪም ተከትሎ የዋለበትን ሁሉ ይጽፋል። እናንተም ሳይጠይቋችሁ አድርጉት። የዛሬ ልጆች ከኛ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ግን ያያችሁት አብዛኛው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ የቁስል ሽታ የለውም።

ሩቅ አትሂዱ። ቀበሌያችሁ ጤና ኬላ አለ። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው የሚሠሩት፤ በዘመቻ ቀን እናቶችን የሚጠራ፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። ፍቀዱልኝ በሏቸው። የሕፃን ክንድ ሲለኩ ቆማችሁ እዩ። ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ መለኪያው ቀይ ያሳያል፤ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ያኔ ጥብጣቡን ትታችሁ የእናቲቱን ፊት ተመልከቱ። እዚያ መቆም ከቻላችሁ ሙያው የእናንተ ሊሆን ይችላል። ቀይ መስቀልም የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ዘመድ ሆስፒታል ቢተኛ ደግሞ ለማስታመም ቀድማችሁ እሺ በሉ፤ ሌሊት ዋርድ ውስጥ የሚሆነውን ቀን የመጣ ጠያቂ አያየውም።

ያያችሁትን ሰው ግን እቡና ላይ አታውሩት። በኛ አገር ስም ባትጠሩ እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ፎቶማ ጭራሽ አይነሣም። መርፌና ደም የነካው ነገር አትንኩ፣ ማንም ቢያዛችሁ። ኮሌጅ ስትገቡም የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ጠይቁ። ሦስት ዙር ነው፤ ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩት።