«ለሴት ተማሪዎች» የሚለውን ጽሑፍ አንሱት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ወር አበባ የሚያስረዱ 6 መጻሕፍት ተሰጡን፤ «ለሴት ተማሪዎች» የሚል ጽሑፍ ለጥፈን ደረደርናቸው። ሁለት ወር ሆነ፣ አንዲትም ልጅ አልተዋሰችም። ችግሩ ከመጽሐፉ ነው ከእኛ?

መልስ፦ ከለጠፋችሁት ጽሑፍ ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ እያየ ወደዚያ መደርደሪያ መሄድ «አበባ አይቻለሁ» ብሎ ከማወጅ አይለይም። ጽሑፉን አንሱና መጻሕፍቱን ከሳይንስ መጻሕፍት ጋር ቀላቅሏቸው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ካኪ ወረቀት ሸፍኑ። ደብተር በካኪ መሸፈን የተለመደ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሁለተኛው ወጥመድ የውሰት መዝገቡ ነው። ተሰልፎ የሚጠብቅ ልጅ ከፊቱ ያለችው ምን እንደወሰደች አንገቱን አስግጎ ያነባል፤ ስለዚህ ርዕሱን ትታችሁ የመለያ ቁጥሩን ብቻ መዝግቡ። ከስድስቱ ሁለቱን ደግሞ ጭራሽ አትመዝግቧቸው፤ ልጃገረዶች ሞዴስ የሚቀይሩበት ክፍል ካለ እዚያ በገመድ አንጠልጥሏቸው። መቀደዳቸው አይቀርም፣ አትናደዱ። የትኛው ገጽ እንደጠፋ እዩና ያንኑ አባዙት፤ የተፈለገው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ክበባችን ስለ ወር አበባ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ትንሽ መጽሐፍ ሊያባዛ ነው። ሳናትም ምኑን እናርም?

መልስ፦ መጀመሪያ የቀን አቆጣጠሩን ገጽ ግለጡ። የዙሩ፣ ማለትም ከአንዱ ወር አበባ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ ቆጠራ የሚጀምረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እንጂ ከቆመበት እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። ቀጥሎ ጳጉሜን አለች፤ ተርጓሚ አዘውትሮ የሚረሳት። ነሐሴ 20 ያየች፣ ዙሯ 28 ቀን የሆነ ልጅ ጳጉሜን ዘላ ከቆጠረች መስከረም 18 ትጠብቃለች፤ ትክክለኛው ግን መስከረም 13 ነው፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን መስከረም 12። ያውም ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሞዴስ ሳትይዝ።

«ዙሩ 28 ቀን ነው» ብሎ የሚደመድም ዓረፍተ ነገር ካለም ሰርዙት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ያለው ጤናማ ነው። ይህ ካልተጻፈላት 38 ቀን የቆየባት ልጅ ትሸበራለች። ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ፣ ወይም ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ንገሯት።

ታጥቦ የሚለበስ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። «ፀሐይ ላይ አስጪው» የሚለው ምክር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለጣና ዳር ልጅ ብዙም አይረዳትም። ከፍራሽ ሥር የተደበቀ ጨርቅ አይደርቅም፣ እርጥቡን መልበስ ደግሞ ያሳክካል፣ ገላ ይልጣል። ለክረምት ትርፍ ቅያሪ እንድታዘጋጅና ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ስስ ሻሽ ከላዩ ጣል አድርጋ እንድታሰጣ ጨምሩበት።

በአንዴ ብዙ አታትሙ። በቦስተን ሴቶች ስለ ገላቸው ያዘጋጁት ዝነኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር በጋዜጣ ወረቀት የታተመ፣ 193 ገጽ ያለው፣ በ75 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ ነበር፤ እየታረመና እየተጨመረበት ነው የሰፋው። ለእናንተ ለመጀመሪያው 50 ቅጂ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ወንዶች ተማሪዎችም ያንብቡት?

መልስ፦ አዎ፣ ያንኑ መጽሐፍ። «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» ግን አትበሉ። ለሁሉም እኩል ቁራጭ ወረቀት አድሉ፤ ጥያቄ የሌለው ከመጽሐፉ አንድ መስመር ይገልብጥ። አለበለዚያ እስክሪብቶ ያነሳው ሁሉ ይታወቃል። ወረቀቱን መምህሩ ብቻ ያንብበው፣ መልሱንም በማግስቱ ይስጥ።